ምዕራፍ 6፦ ገደል የሌለው ማሚቶ

ያደግሁት ገደል በበዛበት አገር ነው። ከብት ይዘን ስንወጣ በዕድሜ ከእኛ ከፍ የሚል አንድ እረኛ ነበር። አፋፉ ላይ ቆሞ «ሆይ!» ብሎ ይጮህና ድምፁ እስኪመለስለት ድረስ በጣቱ ይቆጥራል። ቶሎ ከተመለሰ ማዶው ቅርብ ነው፤ ከዘገየ ሩቅ ነው። ጭጋግ ሸለቆውን ሞልቶት ከእግራችን በታች ያለው ሁሉ ነጭ ባሕር በሚመስልበት ጠዋት እንኳ መጮሁን አይተውም ነበር። ማሚቶው ጭጋጉን አልፎ ሲመለስለት «ገደሉ እዚያው ነው» ይለናል።

ልጁ ሳያውቀው ራዳር ሠርቶ ነበር። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ማሚቶው በሁለት ሴኮንድ ከተመለሰ፣ አንዱ ሴኮንድ መሄጃ፣ ሌላው መመለሻ ነውና አለቱ 340 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ራዳርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በድምፅ ፈንታ የሬዲዮ ሞገድ መላኩ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚበር ቆጠራው በጣት አይሆንም። ከራሳችን በላይ 110 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ነገር ማሚቶውን የሚመልሰው አንድ ሴኮንድ ለሺህ ቢከፈል ከአንዱ ክፍልፋይ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

ከዚያ ጠዋት ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የመለሰው አለቱ ነው፤ ጭጋጉ ምንም አልመለሰም። ጭጋግ የሚጨበጥ አካል የለውም፣ ድምፅም ያሳልፋል። በዚህ ምዕራፍ የምንከተለው የሰው ልጅ ጭጋጉን ራሱን እንዴት እንዳናገረው ነው። ያ ጭጋግ የሰሜንና የደቡብ ዋልታ ሰማይን በሌሊት አረንጓዴና ቀይ የሚያለብሰው አውሮራ ነው። ኖርዌይ ወይም ስዊድን ዘመድ ያለው ብዙ አንባቢ በስልኩ የተላከለት ፎቶ ይኖረዋል።

ራዳሩ የሚያየው ብርሃኑን አይደለም

በምዕራፍ 4 እንዳየነው ከፀሐይ የሚነፍሰው የቅንጣት ነፋስ ከምድር ማግኔት ጋር ሲታገል፣ ኤሌክትሮኖች በማግኔቱ መስመሮች ላይ ተንሸራተው ወደ ዋልታዎቹ አካባቢ ይወርዳሉ። ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ኦክስጅንን ሲመቱት አረንጓዴ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሲመቱት ደግሞ ቀይ ብርሃን ይወጣል። እዚያ ምዕራፍ ላይ ያቆምነው ብርሃኑ ዘንድ ነበር። ምቱ ግን ሌላም ነገር ያደርጋል።

አውድማ ላይ ገብስ ሲወቃ አስቡ። ዱላው ሲያርፍ ድምፅ ይሰማል፣ እብቁም ይነሣል። ሁለቱም የአንድ ምት ልጆች ናቸው። ሰማይ ላይም እንዲሁ ነው፦ የሚወርደው ኤሌክትሮን አየሩን ሲመታ ብርሃን ይወጣል፣ ከተመታው አቶምም ሌላ ኤሌክትሮን ተፈልቅቆ ይቀራል። ስለዚህ አውሮራ ባለበት ሁሉ ከብርሃኑ ጋር የነጻ ኤሌክትሮኖች ጭጋግ ይፈጠራል። ኤሌክትሮን ያጣው አቶም «አዮን» ይባላል፤ ይህ የላይኛው የአየር ክፍል አዮኖስፌር የተባለውም በእነዚህ ምክንያት ነው።

ራዳር የሚያናግረው እብቁን ነው። የሬዲዮ ሞገድ በነጻ ኤሌክትሮን ላይ ሲያልፍ ያወዛውዘዋል፤ የሚወዛወዝ ኤሌክትሮን ደግሞ ራሱ ትንሽ ማሰራጫ ሆኖ የደረሰውን ሞገድ በየአቅጣጫው ይበትናል። ከዚያ ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ወደ መጣበት ይመለሳል። በምዕራፍ 3 የአባቶቻችን የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ማታ ማታ ከባሕር ማዶ ጣቢያ የሚይዘው አዮኖስፌር ሞገዱን አጉብጦ ወደ ምድር ስለሚመልሰው ነው ብለን ነበር። ያ የሚሆነው ግን በዝግታ ለሚርገበገብ ሞገድ ነው። በሴኮንድ በመቶ ሚሊዮኖች ጊዜ የሚርገበገብ የራዳር ሞገድ ያንን ንብርብር ወንፊት እንዳለፈ ውኃ ሰንጥቆት ወደ ጠፈር ይሄዳል። የሚቀረው ጠብታ ብቻ ነው። የአውሮራ ራዳር ጥበብ ያለው ያችን ጠብታ መያዙ ላይ ነው።

ጭብጨባው ሲገጥም

ጠብታዋ አንዳንዴ ሳይጠበቅ ትልቅ ትሆናለች። በርናርድ ሎቬል የተባለው እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ሠራዊቱ የተወውን ራዳር ወደ ጆድረል ባንክ ገጠር ወስዶ ተወርዋሪ ኮከቦችን ይከታተል ነበር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1947 ሰማዩ ላይ አውሮራ በታየበት ሌሊት ራዳሩ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከሚርቅ ቦታ ግልጽ ማሚቶ ያዘ። ኖርዌይ ውስጥም ላይቭ ሃራንግ ከጦርነቱ በፊት ተመሳሳይ ነገር አይቶ ነበር። ጭጋጉ እንደ አለት መለሰ ማለት ነው። እንዴት?

ሰርግ ቤት ግቡና አዳምጡ። ሺህ ሰው በየራሱ ጊዜ ቢያጨበጭብ የምትሰሙት እንደ ዝናብ ያለ መደበላለቅ ነው። ያው ሺህ ሰው ዘፈኑን ይዞ በአንድ ላይ ሲያጨበጭብ ግን ድንኳኑ ይንቀጠቀጣል። የእጁ ቁጥር አልጨመረም፤ የጨመረው መግጠሙ ነው። ከኤሌክትሮኖች የሚመለሱ ጥቃቅን ሞገዶችም ያው ናቸው። እየገጠሙ ከደረሱ ይደማመራሉ፤ ካልገጠሙ አንዱ የሌላውን ያጠፋል።

እንዲገጥሙ የሚያደርጋቸው ትልም ነው። የታረሰ ማሳ ላይ ትልሙ በእኩል ርቀት እንደሚደረደር፣ አውሮራው ውስጥም ኤሌክትሮኖቹ ጥቅጥቅና ሳሳ እያሉ መስመር ይሠራሉ። ሁለት ተከታታይ መስመሮች በሞገዱ ርዝመት ግማሽ ከተራራቁ፣ ከኋለኛው የሚመለሰው ሞገድ ያንን ግማሽ ሄዶ፣ ያንኑ ግማሽ ተመልሶ፣ ልክ አንድ ሙሉ ሞገድ ዘግይቶ ከፊተኛው ጋር ይገጥማል። ሦስተኛውም፣ መቶኛውም እንዲሁ። ሞገዱ 6 ሜትር የሆነ ራዳር የሚያየው በ3 ሜትር የሚራራቁ ትልሞችን ነው፤ ሌላውን ሁሉ ያልፈዋል።

ማሳውን ያረሰው ማነው? ነፋስ የጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ ማዕበል እንደሚያስነሣ ነው። በ100 እና በ120 ኪሎ ሜትር ከፍታ መካከል ከባዶቹ አዮኖች ከአየሩ ጋር እየተጋጩ ይጎተታሉ። ቀላሎቹ ኤሌክትሮኖች ግን በማግኔቱ መስመር ተይዘው ሳይገቱ በጎን ይፈስሳሉ፤ ይህ ፍሰት ራሱ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። የኤሌክትሮኖቹ ፍጥነት በአዮኖቹ ላይ በሴኮንድ ከ300 እስከ 400 ሜትር ሲበልጥ ፍሰቱ ሰላሙን ያጣና ይሸበሸባል። ይህን ዶናልድ ፋርሊና ኦስካር ቡነማን እ.ኤ.አ. በ1963 በየፊናቸው በሒሳብ አሳዩ።

ትልሞቹ አንድ ጠባይ አላቸው፦ በማግኔቱ መስመር አቅጣጫ የረዘሙ ናቸው። ዋልታው አካባቢ የማግኔቱ መስመር ቀጥ ብሎ ለመቆም ምንም ያህል አይቀረውም፤ ስለዚህ ሽብሽቦቹ ከጣራ እንደተንጠለጠለ የነጠላ ዘርፍ ናቸው። ከሥሩ ገብታችሁ ሽቅብ ብታዩት የክሮቹን ጫፍ ብቻ ነው የምታዩት፤ ከጎን ስታዩት ግን ክሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ስለዚህ ይህን ማሚቶ የሚፈልግ ራዳር አውሮራው ሥር መቆም የለበትም፤ ሩቅ ሄዶ ከጎን ማየት አለበት። ሎቬል እንግሊዝ ሆኖ የሰሜኑን ሰማይ ከሩቅ ማየቱ የጠቀመው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ የመቆሚያ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጭጋጉ የሚሰማው ወይም ዝም የሚለው በዚህ ነው።

ዛሬ ሱፐርዳርን የሚባል የራዳሮች መረብ ይህንኑ ዘዴ በአጭር ሞገድ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ1983 ካናዳ ውስጥ ጉስ ቤይ ላይ በተተከለ አንድ ራዳር ተጀምሮ አሁን በሁለቱም ዋልታዎች ዙሪያ ከ30 በላይ ሆነዋል። የአጭር ሞገድ መጉበጥ፣ ማለትም የአባቶቻችንን ሬዲዮ ያናገረው ያ ጠባይ፣ እዚህ ሁለተኛ ሥራ ያገኛል፦ ሞገዱ እየጎበጠ ሄዶ ከሩቁ ትልም ጋር በቀጤ ማዕዘን ይገናኛል። ከመረቡ የሚወጣው ካርታ የዋልታው ሰማይ ሁለት ትልልቅ አዙሪት እንዳለው ያሳያል። ጭጋጉ በዋልታው አናት ላይ ከቀን ወደ ሌሊት ወገን ይፈስና በንጋትና በምሽት ወገን ዞሮ ይመለሳል፤ ድስት በማማሰያ መሐል ለመሐል ሲገፋ ወጡ በሁለት ጎን እየዞረ እንደሚመለስ ማለት ነው።

ጭብጨባው ሳይገጥም

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ትልም ከሌለስ? ኤሌክትሮኖቹ ዝም ብለው የተበታተኑ ከሆኑ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ጊዜ የሚያጨበጭብ ከሆነስ?

በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዊልያም ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1958 ይህን አሰላ። መደበላለቁም ቢሆን ድምፅ ነው አለ፤ ዝናብ ጣራ ላይ ሲወርድ ይሰማ የለ? ብቻ እጅግ ደካማ ነው። ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ለማየት እኔም ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። አንድ ትልቅ ራዳር 300 ኪሎ ሜትር ላይ ባንድ ጊዜ የሚያበራው የአየር ክፍል ሦስት ኪሎ ሜትር ስፋትና ሦስት ኪሎ ሜትር ቁመት ቢኖረው፣ በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች በሙሉ ተደምረው ሞገድ የሚመልሱበት ስፋት ጥቂት ሚሊሜትር ካሬ አይሞላም። ጥቂት የጤፍ ቅንጣት እንደማለት ነው። ተራራ የሚያክል የሰማይ ቁራጭ ማየት ለራዳሩ አዲስ አበባ ቆሞ ጅማን አልፎ መሬት ላይ የተበተነች ጤፍ እንደ መፈለግ ይሆንበታል።

ጎርደንን ያሳሰበው ሌላም ነገር ነበር። ኤሌክትሮኖች ቀላል ስለሆኑ በዚያ ሙቀት በሴኮንድ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ። የሚሮጥ ነገር የሚመልሰው ድምፅ ቃናው ይለወጣል። ጥሩምባውን እየነፋ የሚመጣ መኪና ድምፁ ሲቀርብ ይቀጥናል፣ ካለፈን በኋላ ይወፍራል። እልፍ ኤሌክትሮኖች በእልፍ አቅጣጫ ሲሮጡ ማሚቶው በቀጭንና በወፍራም ቃና መካከል ይበታተናል፤ የጤፏ ማሚቶ እንደገና ተፈጭቶ ይበተናል ማለት ነው። ጎርደን ይህን አሸንፎ ለመስማት 305 ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ያስፈልጋል ብሎ ደመደመ። በፖርቶ ሪኮ፣ አሬሲቦ የተሠራው ታላቅ አንቴና የዚህ ስሌት ውጤት ነው።

በዚያው በኮርኔል የተማረውና ከአውሮራ የሚመለስ ማሚቶ ሲያጠና የኖረው ኬኔዝ ቦውልስ ግን ያን ያህል አልጠበቀም። በኢሊኖይ ግዛት፣ ሃቫና በምትባል ከተማ አቅራቢያ አንድ ትልቅ ማሰራጫ ነበር። ሜዳው ላይ የሽቦ አንቴና ዘርግቶ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1958 ሞገዱን ሽቅብ ላከ። ማሚቶው ተመለሰ። ከመመለሱ ይልቅ ያስገረመው ግን ሌላ ነገር ነበር፦ ማሚቶው ጎርደን እንደፈራው አልተበታተነም። በጠባብ ቃና ተሰብስቦ ነው የመጣው።

ምክንያቱን ለማስረዳት ከዝንብ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ከብቶች ወደ ግጦሽ ሲወርዱ በላያቸው የሚያንዣብበውን የዝንብ ደመና አይታችኋል። እያንዳንዷ ዝንብ ወዲያና ወዲህ ትወረወራለች፤ ፍጥነቷ ከበሬው ጋር አይወዳደርም። ደመናው ግን በበሬው ፍጥነት ነው የሚሄደው። ከሩቅ ለሚያይ የደመናው ቅርጽና አካሄድ የመንጋው ቅርጽና አካሄድ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ዝንቦች፣ አዮኖቹ በሬዎች ናቸው። የኦክስጅን አዮን ከኤሌክትሮን 29,000 ጊዜ ያህል ይከብዳል፣ ይዘገያልም፤ የኤሌክትሪክ ስበቱ ደግሞ ኤሌክትሮኖቹን በዙሪያው ይሰበስባቸዋል። ራዳሩ የሚሰማው ከዝንቦቹ የተመለሰ ማሚቶ ነው፤ ማሚቶው የሚያወራው ግን ስለ በሬዎቹ ነው።

እኔ በዚህ መስክ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ጊዜ አላውቅም። የተፈራው መሰናክል በር ሆኖ ተገኘ። ማሚቶው ጠባብ ስለሆነ ያን ያህል ሳህን ሳያስፈልግ በ30 ሜትር አንቴና መሥራት ተቻለ። አሬሲቦ ግን በተባለው ስፋት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ተከፈተ፤ ለአዮኖስፌር ከሚበቃው በላይ ትልቅ በመሆኑም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ከመፍረሱ በፊት የሩቅ ከዋክብትና የፕላኔቶች መመልከቻ ሆኖ አገለገለ።

አንድ የትሮምሶ ሌሊት

ይህን ማዳመጫ ከአውሮራው ሥር ለመትከል የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1975 ኢስካት የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ አጠገብ ማሰራጫ ቆመ፤ ስዊድን ኪሩና እና ፊንላንድ ሶዳንኪላ ላይ ደግሞ ማዳመጫዎች። የዚህ ዓይነት ራዳር ትልም አይፈልግምና ቀጥ ብሎ ሽቅብ ማየት ይችላል። አንድ ሰው የመኪና ድምፅ ሰምቶ የሚያውቀው ወደ እሱ መምጣቱን ወይም መራቁን ብቻ ነው፤ በሦስት ቦታ የቆሙ ሰዎች የሰሙትን ቢያገናኙ ግን መኪናው ወዴት እንደሚሄድ ይነግሩናል። ሦስቱ ጣቢያዎች የተመረጡት ለዚሁ ነው።

የራዳሩን ስክሪን ላሳያችሁ። አግድሙ ሰዓት ነው፤ ሽቅቡ ከፍታ ነው፤ ቀለሙ የኤሌክትሮን ብዛት ነው። ክረምቱ ጨለማ ነው፤ ፀሐይ ስለሌለች ታችኛው ክፍል ባዶ ሰማያዊ ሆኖ ይቆያል። ድንገት 110 ኪሎ ሜትር ላይ ቀይ ጉብታ ይነሣል፣ ደቂቃ ይቆያል፣ ይጠፋል። አውሮራው በአንቴናው አናት ላይ አለፈ። በዚያች ደቂቃ እዚያ ከፍታ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች በአሥር፣ ሲበረታም በመቶ እጥፍ ጨምረዋል። የጉብታው ታችኛ ጫፍ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከወረደ የመጡት ኤሌክትሮኖች ብርቱ ናቸው፤ 10,000 ቮልት ያህል የገፋቸው ማለት ነው። የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት ነው። ጀርባው የወፈረው የድሮ ቴሌቪዥንም ኤሌክትሮን ወደ መስታወቱ የሚወረውረው በዚህ ዓይነት ጉልበት ነበር፤ መስታወቱም የሚያበራው በተመታበት ቦታ ነው። ጉብታው ከፍ ብሎ ከቀረ የመጡት ደካሞች ናቸው። እንግዲህ ማንም ወደ ላይ ሳይወጣ፣ ከምድር ማግኔት ጀርባ ምን ያህል ቮልቴጅ እንደተፈጠረ ከጉብታው ቁመት ይነበባል።

ከዚያ ቃናው አለ። የትሮምሶው አንዱ ራዳር በሴኮንድ 930 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ሞገድ ይልካል። ጭጋጉ በሴኮንድ 500 ሜትር ወደ ራዳሩ ከመጣ የሚመለሰው ሞገድ በ3,100 ርግብግቢት ያህል ይቀጥናል። ከ930 ሚሊዮን ውስጥ ሦስት ሺህ! ይህን መለየት መቻሉ ሁልጊዜም ያስደንቀኛል። የቃናው መስፋት ደግሞ ሙቀቱን ይነግራል፤ በሬዎቹ በተቁነጠነጡ ቁጥር የዝንቡ ደመና እንደሚሰፋ ነው። ጭጋጉ በፍጥነት ሲጎተት አዮኖቹ ከአየሩ ጋር ይፋተጋሉ፤ እጃችንን ስናሻሽ እንደሚሞቀው ሰማዩም ይሞቃል።

ያ ሙቀት መዘዝ አለው። የሞቀ አየር ሽቅብ ያብጣል፤ ቀድሞ ባዶ በነበረው መንገድ ላይ ሳተላይቶችን ይገታል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 መጀመሪያ የመጠቁ 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶች 210 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሳሉ የማግኔት ማዕበል ደርሶባቸው አብዛኞቹ ተመልሰው አየር ውስጥ ተቃጠሉ። ማዕበሉ ግዙፍ የሚባል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በማርች 1989 ደግሞ የአውሮራው ጅረት በምድር ላይ ባስነሣው የኤሌክትሪክ ግፊት የካናዳዋ ኬቤክ ግዛት ለ9 ሰዓት ጨለማ ውስጥ ቆየች።

አውሮራን በዓይኑ ብቻ የሚከታተል ሰው ደመና ሲመጣ ያቆማል፣ ሲነጋም ያቆማል። አውሮራው ግን አያቆምም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ስቫልባርድ ደሴት ላይ የሚሠራው የኢስካት ራዳር ፀሐይ ባለችበት የበጋ ቀትር እንኳ የቀን ወገኑን አውሮራ ይከታተላል፤ ከሥሩ ያለ ሰው ግን የሚያየው ጠራራ ሰማይ ብቻ ነው።

ከራሳችን በላይ

ይህ ሁሉ የሩቅ ሰሜን ወሬ ነው ብሎ መጽሐፉን ለሚዘጋ አንባቢ አንድ የቀረኝ ነገር አለ። የምድር ማግኔት የራሱ ወገብ አለው፤ መስመሩ ሳይዘምና ሳይቆም አግድም የሚተኛበት ማለት ነው። ይህ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ነው። በእሱ ላይ፣ 105 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። አዲስ አበባ ያለው ኦብዘርቫቶሪ ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ከእ.ኤ.አ. 1957–58 ዘመን ጀምሮ የምድርን ማግኔት ሲለካ ኖሯል። የመለኪያው መስመር ጠዋት መውጣት ይጀምርና ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይወርዳል። ያ ጅረቱ ነው።

ፋርሊ ስለ ትልሞቹ ያሰላው ከዚህ ጅረት ተነሥቶ ነው፤ ከፔሩ፣ ከሊማ አጠገብ በማግኔት ወገቡ ላይ ቦውልስ ካሠራው የሂካማርካ ራዳር የተገኘ ማሚቶ መፍትሔ ይጠይቅ ነበርና። በወገቡ ላይ ትልሞቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተጋድመው ስለሚተኙ ራዳሩ ሩቅ መሄድ ሳያስፈልገው ሽቅብ ማየት ይበቃዋል። የዋልታውን አውሮራ የሚያሸበሽበው ሕግ የኛንም ሰማይ ያሸበሽባል። ይህ ጅረት ብርሃን የለውም፣ ቀለም የለውም፤ በቀትር ብርሃን ከራሳችን በላይ ያልፋል።